የጊያስ መደበቂያ

ወንድሜን ጊያስን በድብብቆሽ ያገኘው ሰው የለም። ሐለብ ከተማ ውስጥ፣ ከቤታችን ፊት ለፊት ባለው መናፈሻ፣ ትልቁ ጥድ ሥር ገብቶ ድምፁን ያጠፋል። እኔ ታላቅ እህቱ ፈልጌ ፈልጌ ሲታክተኝ፣ "በቃ ተሸነፍኩ፣ ውጣ!" እላለሁ። ያን ጊዜ አፈር በአፈር ሆኖ ይወጣና፣ "ዓይን አለኝ ትያለሽ ደግሞ!" ይለኛል። አናቱን ብለው ደስ ይለኝ ነበር።

በጦርነቱ ጊዜ ወደ መቃብር ስፍራው በሚወስደው መንገድ በሚያልፍ ሰው ላይ ስለሚተኮስ፣ ሰፈሩ ሬሳውን መናፈሻው ውስጥ መቅበር ጀመረ። ጊያስ ዳቦ ሊገዛ ተሰልፎ ሳለ ቦምብ ገደለው። ኋላ እሱም የሞተው አጎታችን፣ ነፍሱን ይማረውና፣ ጥዱ ሥር ቀበረው፤ የዥዋዥዌውን መቀመጫ ነቅሎ ስሙን ጽፎበት ራስጌው ላይ ተከለ። በዚያ ክረምት ብርዱ ሲጠና ሰው መጀመሪያ ዛፎቹን፣ ቀጥሎ የመቃብሮቹን ጣውላ አነደደ። እኛም ምድጃ የማን እንደሆነ ያልጠየቅነው ጣውላ ገብቷል።

ከዓመታት በኋላ መናፈሻው ለልጆች ሊመለስ ነውና ሙታኑ ይዛወሩ ተባለ። ዘመድ የለየው በስሙ፣ ያልተለየው በቁጥር ይቀበራል። እናቴን ይህች "በቁጥር" የምትባል ነገር እንቅልፍ ነሳቻት።

"መደበቂያውን ካንቺ በላይ ማን ያውቀዋል?" አለችኝ።

የጥዱ ጉቶ እንኳ ተነቅሎ ተማግዷል። ከመናፈሻው የደረቀ ፏፏቴ አጠገብ ቆሜ በልጅነት ዓይኔ ገመትኩና "እዚህ" አልኩ። ቆፋሪው አቡ ኒዛር ቀስ እያለ ቆፈረ። ካረጀው የከፈን ጨርቅ ውስጥ ረጅም የሴት ጉንጉን ወጣ።

"እማ፣" አልኳት በጆሮዋ፣ "ሴት እኮ ናት።"

"ዓይን አለኝ።"

"ታዲያ?"

"ታዲያማ ዝም በይ። እሷስ ለምን በቁጥር ትቀበር?"

አቡ ኒዛር ቀና ብሎ እናቴን በልጇ ስም ጠራት። "እሱ ነው፣ ኡም ጊያስ?"

"ልጄ ነው" አለች።

ጉንጉኑን እሱም አይቶታል። ወደ ውስጥ መልሶ በነጭ ጨርቅ ጠቀለላት።

አሁን እናቴ በየዒዱ አደስ ይዛ፣ አዲሱ መቃብር ስፍራ፣ የጊያስ ስም የተጻፈበት ድንጋይ ዘንድ ሄዳ አልቅሳ ይወጣላታል። እኔ አብሬያት አልሄድም፤ ጊያስ በቁጥር ተቀብሮ ይሁን እዚያው ተደብቆ ቀርቶ አላውቅምና መናፈሻው አግዳሚ ላይ እቀመጣለሁ። አዲስ ሣር በቅሏል፣ አዲስ ዥዋዥዌ ተተክሏል። ልጆቹ ይደበቃሉ፣ ይፈላለጋሉ፣ ሲመሽ እናቶቻቸው ጠርተው ያስገቧቸዋል። ሁሉም ሲሄዱ፣ "በቃ፣ ጊያስ፣ ተሸነፍኩ" እላለሁ።

ውጣ ማለቱን ግን አፌ አይደፍረውም።