በኩሬው ላይ የተደፋው ብርብራ

አለምነው ጋሹን የሚጠላው በሙሉ ልቡ ነበር። ወለቃ ወንዝ ዳር ያለችውን ቁራሽ መሬት ሽማግሌ ለጋሹ ከፈረደለት ወዲህ ሁለቱ ጎረቤታሞች ሰላምታ እንኳ ትተዋል። ችግሩ ግን ያላቸው አንዳንድ በሬ ነው፤ በሬ ደግሞ ብቻውን አያርስም። ስለዚህ እየተራገሙም ቢሆን ይቀናጃሉ። ተራው የደረሰው ሰው ሁለቱንም ጠምዶ ያርሳል፣ ሁለቱንም አብልቶ አጠጥቶ ያሳድራል።

ጋሹ በዓቢይ ጾም ወንዙ ዳር ካለው ኩሬ አምባዛ የሚባለውን ዓሣ በመረብ እያወጣ መካነ ሰላም ገበያ ወስዶ ለጿሚ ይሸጣል። አምና በዚሁ ቤቱን ቆርቆሮ አለበሰው። ቆርቆሮው በየጠዋቱ የአለምነውን ዓይን ይወጋዋል።

"ይህን ዓሣ ካላጠፋሁበት ሰው አይደለሁም!" አላት ለሚስቱ ለሐረግ።

ቂም ይዞ ጸሎት፣ ሳል ይዞ ስርቆት ይባላል። አለምነው ጾሙን አንድም ቀን አልሻረም፤ ብርብራውን የወቀጠውም ከቅዳሴ መልስ ነው።

የብርብራ ፍሬ ተወቅጦ ውኃ ላይ ሲበተን ዓሣን ያሰክራል፤ የአገሩ ሰው ሁሉ ያውቅበታል። ደንብ ግን አለው። የሚበተነው ወራጁ ላይ ነው፤ ጥቂት ዓሣ ይይዝና ውኃው ጠርጎት ይሄዳል። የቆመ ኩሬ ላይ ማንም አይደፋም። አለምነው ሦስት ቁና ሙሉ ኩሬው ላይ ደፋው።

በማግስቱ ውኃው የዓሣ ሆድ ብቻ ሆነ። ጫጩቱ ሳይቀር አለቀ። ጋሹ ዳር ላይ ቁጢጥ ብሎ ሲያይ አለምነው ከማሳው ሆኖ ሳቁን ዋጠ። ለምን ይዋሻል፣ እንደ ሠርግ ቀን ደስ አለው።

ያላሰበው አንድ ነገር ነበር። ኩሬው ውስጥ አዞ አለ፤ ሆዱ በአምባዛ ስለሚሞላ ከብት አጠገቡ ቢጠጣ ዞር ብሎም አያይም ነበር።

በሦስተኛው ሳምንት አለምነው በተራው አርሶ ሲያበቃ በሬዎቹን ወደ ኩሬው ነዳ። የራሱ ዳልቻ ጠጥቶ ወጣ። የጋሹ ቡሬ አንገቱን ከመድፋቱ አዞው አፍንጫውን ነክሶ ጎተተው። አለምነው የበሬውን ጭራ ይዞ እየጮኸ ቢታገልም አልሆነለትም፤ በሬው ውኃው ውስጥ ገብቶ ቀረ።

በነጋታው ጠዋት ሽማግሌዎች ዋርካው ሥር ተቀመጡ።

"በእጁ ነው የጠፋው፤ ዳልቻን ይስጠኝ!" አለ ጋሹ።

ቅንጃ በሬ በድንገተኛ አደጋ ከሞተ ጉዳቱ የባለቤቱ ነው፤ በአራሹ ጥፋት ከሞተ ግን አራሹ ይተካል። ዳልቻ ከሄደ ደግሞ የአለምነው ቤት ዘንድሮ አያርስም። ስለዚህ አለምነው በተዘጋ አፍ ዝንብ አይገባም ብሎ የብርብራውን ነገር አላነሣም።

"ይህ አዞ ከልጅነቴ ጀምሮ እዚያው ነው፤ ከብት ነክቶ አያውቅም። ምን ነካው?" ሲሉ ጠየቁ የሽማግሌዎቹ አንጋፋ አያ ይርዳው።

"አውሬ አይደል፣ አያ ይርዳው! ማርያምን፣ የማውቀው ነገር የለም" አለ አለምነው።

ሽማግሌዎቹ ተያዩ። ድንገተኛ ነው ሊሉ ሲሉ ሐረግ ብድግ አለች።

"አባቶቼ፣ አትፍረዱ። ብርብራውን በእኔ ሙቀጫ ወቅጦ ኩሬው ላይ የደፋው እሱ ነው። አዞው የሚበላው አጥቷል።"

"አንቺ ሴትዮ! በሬያችንን ልታስወስጂው ነው?"

"ይውሰደዋ! እኔ ልጃችንን መቅደላዊትን ከቤት እንዳትወጪ ብያታለሁ። የሰዉን ልጆች ግን ማን ያስቀርልኛል? ይሄኔ ጀሪካናቸውን ይዘው ወርደዋል!"

ፍርዱ እዚያው ተበተነ። ሰዉ ሁሉ የየልጁን ስም እየጠራ ቁልቁል ወደ ወንዙ ሮጠ፤ ጋሹም ሮጠ። አለምነው ሁሉንም አልፎ ሮጠ። ሐረግ ቀድማው ወደ ዋርካው ከሄደች በኋላ፣ የእሱ ልጅ ብቻ ውኃ ሳትቀዳ ብትቀር ጎረቤት እንዳይጠረጥር ብሎ፣ መቅደላዊትን ጀሪካን አስይዞ ወደ ኩሬው የላካት እሱ ራሱ ነበር።