የሉፔ ሥራ
ሉፔ በአውስትራሊያዋ ሚልዱራ ከተማ የወይን ለቀማ ሥራዋን የተወችው ግማሽ ጎናቸው አልታዘዝ ያላቸውን አባቷን፣ ከቶንጋ ደሴቶች የመጡትን ሰሚሲን፣ ልትጦር ብላ ነው። መንግሥት ለአስታማሚ ቤተሰብ የሚከፍለውን ድጎማ እንድታገኝ አንዲት ወጣት ሐኪም አባትዬውን እየጠየቀች ቅጽ መሙላት ጀመረች።

«አባባ፣ ልብስዎን ራስዎ ይለብሳሉ?»

«እንዴታ! ማን ሊያለብሰኝ?»

«ገላዎንስ ይታጠባሉ?»

«እንደ ዓሣ ነዋ!»

አባትዬው በሰው ፊት ደካማ መባልን አይወዱም፤ ድጎማው ግን ሊያመልጥ ነው። ሉፔ ፈገግ ብላ እጃቸውን ያዘች።

«አባዬ፣ ወረቀቱ የሚጠይቀው ያንተን ድካም ሳይሆን የኔን ሥራ ነው። ሥራዬን ልትደብቅብኝ ነው እንዴ?»

ሽማግሌው ደረታቸውን ነፍተው ወደ ሐኪሟ ዞሩ። «እንዲያ ከሆነማ ጻፊ፣ የኔ ልጅ! ታጥበኛለች፣ ታለብሰኛለች፣ ታጎርሰኛለች። እንደሷ ያለች ልጅ ቶንጋ ድረስ ብትሄጂ አታገኚም!»

ሐኪሟ ቦታው አልበቃ ቢላት ተጨማሪ ወረቀት አወጣች።