የውሃ አባት ሣልስት

«ታች አምባዎች ዶማ ይዘው ወደ ሐይቁ ወጥተዋል አሉ» ስትል አስካለ ማርያም የንፍሮውን ሳህን እያቀበለች አንሾካሾከች።

ትርሲት ሳህኑን አልተቀበለችም። አባቷ አቶ አፈወርቅ ከተቀበሩ ገና ሁለተኛ ቀናቸው ነው። ሠላሳ ዓመት የሐይቁ የውሃ አባት እሳቸው ነበሩ፤ ለክተው ሳይፈቅዱ በሳርና በጭቃ የተደፈነውን አፉን ለመስኖ የሚከፍት አልነበረም።

ብድግ አለች።

«ወዴት ነው? ሣልስት ሳይወጣ ሐዘንተኛ ይነሳል?» አሉ አክስቷ ጌታነሽ።

«አባቴ ራሳቸው ናቸው ያዘዙኝ እትዬ።»

እናቷ የሞተች ጊዜ አባቷ እንደ ወጉ ሰባት ቀን ድንኳን ውስጥ ተቀመጡ። ሲወጡ ሐይቁ ተከፍቶ ጠበቃቸው። ሚያዝያ ላይ ጭቃ ብቻ ቀረ፤ ውሃ ፍለጋ የገቡ በጎች ሰምጠው በገመድ ተጎተቱ። ማንንም አልከሰሱም። «እኔ ስሞት ግን አትቀመጪ፤ እየሄድሽ አልቅሺ» አሏት።

ከቤቱ በር ጀርባ አባቷ ውሃውን የሚለኩበትን የአስታ እንጨት ዘንግ አንስታ፣ ነጠላዋን እንደዘቀዘቀች ወጣች።

ሐይቁ አፍ ላይ የታች አምባው አብሮ አደጓ ዳኜ ከአምስት ጎረቤቶቹ ጋር መቆፈር ጀምሯል።

«እግዜር ያጥናሽ» አለ፣ ዶማውን ወደ ኋላው እየሸሸገ። «ከድንኳን ነው የመጣሽው?»

«ትናንት እዚያው ስታለቅሱ አልነበር? ዕንባችሁ ቶሎ ደረቀ።»

«ገብሳችንም ደረቀ እኮ!»

ዘንጉን ውሃው ውስጥ ባለው መለኪያ ድንጋይ ላይ አቆመች። ውሃው ዘንጉ ላይ በቢላ ከተቆረጠው ምልክት ሁለት ጣት ዝቅ ብሏል።

«አይከፈትም። ይህ የከብት መጠጥ ነው።»

«ለሁለት ጣት? ደግሞስ አንቺን ማን ሾመሽ?»

«ማንም። እንካ፣ አንተው ለካ።»

ዳኜ ዘንጉን አየው እንጂ አልተቀበላትም።

«የእኛ ማሳ ከሁላችሁም በታች ነው» አለች። «መጀመሪያ የሚደርቀው የእኔ ገብስ ነው። ይድረቅ።»

«አፈወርቅን ቀበርን ስንል!» አለ አንዱ ከኋላ። ሳቅ አመለጣቸው። ዳኜም አጎንብሶ የነቀለውን ሳር ወደ ቦታው መለሰና በእግሩ ረገጠው።

ትርሲት እስኪጨርስ ቆማ ጠበቀች። ከዚያ ዘንጉን አባቷ ያደርጉ እንደነበረው በነጠላዋ ጫፍ ከታች ወደ ላይ አደረቀችው። እጃቸው ያለሰለሰው ቦታ ስትደርስ ግን አልጠረገችውም። እዚያው ላይ ጨብጣ ወደ ድንኳኑ ተመለሰች።