የላይኛው ማሳ አርፏል

"ጋሼ፣ እዚህ ላይ ግን አርፈዋል" አለችው የመሬት አጠቃቀም ባለሙያዋ፣ ዓይኗን ከኮምፒውተሩ ሳትነቅል።

ሞግዚት የሚሉት ገበሬ ያለችው ወዲያው አልገባውም። የመንገዱ ድካም ስላልለቀቀው ወንበሩ ላይ ዘና ብሎ ተቀምጦ ነበርና ስለ አቀማመጡ የተናገረችው መስሎት ወገቡን ቀና አደረገ።

"ምን አልሽኝ ልጄ?"

"ሞተዋል ነው የሚለው። መዝጋቢው ባለፈው ወር ደውሎ አጣርቷል። የላይኛው ማሳ ባለይዞታ በሕይወት የለም፣ ማሳው ጦም ያደረ ነው ይላል።" ስክሪኑን ወደ እሱ አዞረችለት። "ይኸው፣ ይዩት።"

አየው። ስሙ ከነአባቱ ተጽፎ አጠገቡ "ያረፈ" ተብሏል። ከሥሩ ከሰማይ የተነሳ ፎቶ አለ። የጎረቤቶቹ ማሳ ሁሉ በቀጫጭን ትልም ተሰምሮ ሲታይ፣ የእሱ ብቻ ከእንቅልፉ እንደተነሳ ሰው ፀጉር ተንጨባሯል። ጠዋት ከቤቱ ሲወጣ ነገሩ እዚህ ይደርሳል ብሎ አላሰበም። በማሳው አራት ማዕዘን ላይ ቀይ ቀለም የተቀባ ችካል ተተክሎ ስላገኘ፣ የተሳሳተ ሰው ካለ መጥቶ ይንቀልልኝ ሊል ነበር የመጣው።

"እኔማ ይኸው አለሁ" አለ።

"አሉ። እሱን አሁኑኑ አስተካክላለሁ።" ጣቶቿ ፊደሎቹ ላይ ቀጭ ቀጭ አሉ። "ይኸው፣ አሁን በሕይወት አሉ።"

ከሞት መነሳት እንዲህ የሚቀል መሆኑ ሞግዚትን ትንሽ አስደሰተው። ደስታው ግን አፍታም አልቆየ።

"ችካሉስ?"

"ችካሉ ሌላ ጉዳይ ነው ጋሼ። በዚያ መስመር ያሉ ጦም ያደሩ መሬቶች ለጭነት መኪና ማቆሚያ ተመርጠዋል።"

"የእኔ እኮ ጦም አላደረም። አርፏል።"

"ይገባኛል።"

"እያወቅኩ ነው ያሳረፍኩት። ሰው ሲደክመው አያርፍም?"

"ይገባኛል አልኩዎት እኮ። እኔም የተማርኩት ይሄንኑ ነው።" ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። "ግን እዚህ ያለው ምርጫ የታረሰ፣ ግጦሽ፣ ደን፣ ጦም ያደረ ነው። ያረፈ የሚል የለም።"

"ጨምሪበታ።"

"እኔ አልችልም።"

"ማን ነው የሚችለው?"

"ከላይ ያሉት ናቸው።"

ከላይ ሲባል ሞግዚት ፎቶውን ያነሳው ነገር ያለበት ሰማይ ነው የታየው። እዚያ ድረስ አቤት የሚባልበት መንገድ ደግሞ አያውቅም።

ሞግዚት የወጣለት ስም ነው። ሌላው ገበሬ አጨዳው እንዳለቀ ገለባውን ሰብስቦ ሲሸጥ፣ እሱ አፈሩን ፀሐይ እንዳያከስለው ብሎ መልሶ ላዩ ላይ ይዘረጋዋል። አንድ ቀን ይህን ሲያደርግ ያየ ሰው "ልጁን እያለበሰ ነው" ብሎ አወራ፤ ከዚያ ወዲህ እናቱ ባወጣችለት ስም የሚጠራው የለም። የላይኛው ማሳ ዓመት በዓመት ስንዴ እያበቀለ ኖሮ በመጨረሻ ቡቃያው ቢጫ ሆኖ፣ ከስቶ፣ ከጉልበት ሳያልፍ ቀረ። አፈሩ በእጅ ሲይዙት ዱቄት ሆኖ ይበተናል። ማዳበሪያውንም ጨመረ፣ ዘሩንም ለወጠ፤ ጠብ የሚል ነገር አጣ። ያኔ ነው "ሁለት ዓመት ይረፍ" ብሎ የወሰነው። ቤተሰቡ በታችኛው ማሳ ብቻ ኖረ። ያም ማሳ ስለማይበቃ ሚስቱ አትክልት ማሸጊያ ተቀጠረች። አሁን ሁለተኛው ዓመት ሊያልቅ፣ ማሳው ላይ ባለ ሦስት ቅጠል ሣር ጥቅጥቅ ብሎ ወጥቶ፣ ከሥሩም አፈር የሚያለሰልሰው ትል ተመልሶ ነበር። ዝናቡ አባርቶ አፈሩ ጠፈፍ ሲልለት ሊያርሰው ቀን እየቆጠረ ነበር።

"ለእርስዎ መኖር እርስዎ ራስዎ ማስረጃ ነዎት" አለችው ባለሙያዋ። "ይኸው ቁጭ ብለው ያወሩኛል። መሬቱ ግን አያወራም።"

"እና ዝም ብዬ ልየው?"

ወደ በሩ አየት አደረገች። "ነገ ጠዋት ኮሚቴው በየማሳው ይዞራል። ታርሶ ካገኘው ከዝርዝሩ ያወጣዋል። እኔ ከዚህ በላይ ማለት አልችልም።"

"ነገ?" ሞግዚት ጫማውን አየ። እስከ ቁርጭምጭሚቱ ጭቃ ነው። "ሌሊቱን ሙሉ ሲዘንብ ነው ያደረው። በዚህ ላይ ትራክተር ከገባ እኮ አፈሩን ይደፈጥጠዋል። ሲደርቅ ጡብ ነው የሚሆነው። ሁለት ዓመት ያረፈው ሁሉ በአንድ ቀን ገደል ገባ ማለት ነው።"

"አውቃለሁ ጋሼ።"

ወሽመጡን የቆረጠው ይሄ ነው። ባታውቅ ኖሮ ያስረዳት ነበር፤ ቢሮውን ለቅቃ ማሳው ድረስ እንድትመጣ ይለምናት፣ አፈሩን በእጇ አስይዞ ያሳያት ነበር። ለሚያውቅ ሰው ምን ይባላል? አመስግኗት ወጣ። ለምን እንዳመሰገናት ግን እስከ ቤቱ ድረስ ሲያስበው ሄዶ አልገባውም።

ሚስቱ ከሥራ ገብታ ደጃፉ ላይ እጇን ስትታጠብ አገኛት። ጣቷን ያጠቆረው የቲማቲም ቅጠል በሳሙናም አይለቅም።

"ሞተሃል አሉኝ" አላት።

"ማን ገደለህ?"

"ምን አውቄ። መዝጋቢው ደውዬ አጣርቻለሁ ብሏል አሉ።"

እጇ ሳሙናው ላይ ቀረ። "መቼ ነው የደወለው?"

"ባለፈው ወር።"

"ወይኔ ጉዴ" አለች ቀስ ብላ። "እኔ ነኝ የገደልኩህ።"

"ምን?"

"ሥራ ላይ ሆኜ አንድ ልጅ ደውሎልኝ ነበር። ማሽኑ ይጮሃል፣ የሚለው በደንብ አይሰማም። 'የላይኛው ማሳ ባለቤት' ምናምን አለኝ፤ እኔ የሰማሁት 'የላይኛው ማሳ' የሚለውን ነው። 'እሱ እንኳን ካረፈ ሁለተኛ ዓመቱ ነው' አልኩት።"

"እሺ?"

"'ነፍስ ይማር' አለኝ። ቀልደኛ መስሎኝ 'አሜን' አልኩት።"

"ከዚያስ?"

"ከዚያማ ስቄ ዘጋሁት።"

ሞግዚት ያንን መዝጋቢ አሰበው። ባሏን ቀብራ የምትስቅ ሴት ገጥማው ያን ቀን ቤቱ ገብቶ ለሚስቱ ምን ብሎ አውርቶ ይሆን? ሳቁ አመለጠው። እሷም ሳቀች፤ እርጥብ እጇን ግንባሯ ላይ አድርጋ እስክትንበረከክ ድረስ ሳቀች። ሁለቱ አብረው እንዲህ ከሳቁ ቆይተዋል። ሲበቃቸው ግን የቀረውን ነገራት፤ ስለ ማቆሚያው፣ ስለ ኮሚቴው፣ ስለ ነገ ጠዋቱ ቀጠሮ።

"ጦም ያደረ መሬት አሉት?" አለች ፊቷ ጠቁሮ። "ጦም ያደርነውስ እኛ።"

"እሱንማ የሚጽፍበት ቦታ የለውም።"

"እረሰው።"

"ረግረግ ነው እኮ። ብታይው እግር ይውጣል።"

"አይቼዋለሁ። ስሄድም ስመጣም በእሱ በኩል አይደል የማልፈው? እረሰው።"

"ይበላሻል። እንደገና ሦስት አራት ዓመት..."

"መኪና ከሚቆምበት ይሻላል።" ድምፅዋን ከፍ አላደረገችም። እሱ ደግሞ ብትጮህበት ይሻለው ነበር። "መሬቱን አሳረፍክ፤ ደግ አደረግህ፣ አንድም ቀን አልተከራከርኩህም። ግን እሱ ሲያርፍ እኔ ቆሜ ነው የዋልኩት። የቆምኩት ለመኪና ማቆሚያ አይደለም።"

እውነቷን ነው። ባለሙያዋም እውነቷን ነው። መዝጋቢው እንኳን የሰማውን ነው የጻፈው። አንድ ክፉ ሰው ቢያገኝ አንገቱን ይዞ ይጠይቀው ነበር፤ ዙሪያውን ሲያይ ክፉ ሰው አጣ። እንዲህ ያለ ነገር ውስጥ ገብቶ አያውቅምና እጁን የሚያደርግበት ጠፋው። ሚስቱ መልሱን ሳትጠብቅ ስልኳን አውጥታ ለወንድሟ ደወለች።

ወንድሟ ከሥራው በቀጥታ ትራክተሩን እየነዳ የመጣው ፀሐይ ማዘቅዘቅ ስትጀምር ነበር። አውርቶ የማይጠግብ፣ በየማሳው እየተከራየ ሲያርስ የሚውል ሰው ነው። ማሳው ጫፍ ላይ ሞተሩን አጥፍቶ ወረደና በተረከዙ መሬቱን ወጋ ወጋ አደረገው። ውሃ ቋጠረ።

"አማቼ፣ ይሄ እርሻ ነው ወይስ ጭቃ ማቡካት?"

"ጭቃ ማቡካት ነው" አለ ሞግዚት።

"ሰው ምን ይለኛል? በዚህ እርጥብ ያረሰው ማነው ሲባል እኮ የእኔ ስም ነው የሚጠፋው።"

"የእኔ ስም ጠፍቶ ነው የተመለሰው። ግባ በቃ።"

ሾፌሩ እህቱን አየ። ቀይ ችካሉ አጠገብ ሻሏን አጣፍታ ቆማ ነበር። ግባ እንደ ማለት ራሷን ነቀነቀችለት።

ትራክተሩ ገባ። ማረሻው ሣሩን ከሥሩ እየገነጠለ ገለበጠው፤ የተገለበጠው አፈር ቢላ እንደቆረጠው ሳሙና ያብለጨልጫል። እንዲህ የሚያብለጨልጭ አፈር ምን እንደሚሆን ሞግዚት ያውቃል። ከኋላ ከኋላ እየተከተለ ጓሉን በእግሩ ሊበትነው ሞከረ፤ ጓሉ ጫማው ላይ ተለጠፈ እንጂ አልተበተነም። ትሎቹ በብርሃኑ ደንግጠው ይጥመለመላሉ። አንዱን አንስቶ መልሶ የሚቀብርበት ለስላሳ ቦታ ፈለገ፤ አጣ። ትልቅ ሰው በትል አያለቅስም ብሎ ራሱን ሊገሥጽ ሞከረ፤ ግን እንባው መጣ፤ ሞተሩ ስለሚጮህ የሰማው የለም።

ከዳር እየዞሩ አርሰው ማሳው ሊያልቅ ሲል መሃሉ ላይ ደረሱ። መጀመሪያ ገለባ ያለበሳት፣ ያኔ ከሁሉም የደረቀችው ቦታ እዚያ ናት። አሁን ሣሩ ከሌላው ሁሉ እዚያ ላይ ይረዝማል። ሞግዚት ሮጠና ትራክተሩ ፊት ቆመ።

ሾፌሩ ፍሬኑን ረገጠ። "ምን ሆንክ? ልገልህ ነበር እኮ።"

"ይቺን ዙርልኝ።"

"የቷን?"

"ይቺን።" በእጁ አሳየው፤ አንድ አልጋ ብታህል ነው።

"ምን አለ እዚህ? ድንጋይ ነው?"

"አይደለም። የተኛ አለ።"

ሾፌሩ ሊስቅ ብሎ ፊቱን ሲያየው ተወው። መሪውን በሁለት እጁ እንደያዘ ወደ ሰማይ ቀና አለ። "ከላይ ሲያነሱት እኮ ይታያል። ነገ ኮሚቴውም ያየዋል። 'ይቺስ ለምን ጦም አደረች' ቢሉህ ምን ልትል ነው?"

"አርፋለች እላለኋ።"

"ደግሞ ሞተች ብለው ይጽፉልሃል" አለች ሚስቱ ከማሳው ዳር። ድምፅዋ ውስጥ ቁጣም ሳቅም አልነበረም። ቀጥላም፣ "ዙርለት" አለችው ወንድሟን።

ትራክተሩ ወደ ኋላ ተመልሶ በጎን በኩል ዞረ።