ጽጌረዳና ጎመን በአንድ መደብ

ሮማነወርቅ ናዝሬት ላይ የታወቀች የቡና ቤት ባለቤት ነበረች። ትርፍ ቤት ሲወረስ ቡና ቤቷ ተወሰደና የቀበሌ ጽሕፈት ቤት ሆነ፤ ለእሷ ከጎኑ ያለችው ባለ ሁለት ክፍል ቤት ቀረችላት። በየጠዋቱ በሯን ስትከፍት በገዛ ባንኮኒዋ ላይ ማኅተም ሲመታ ትሰማለች። የቀበሌው ሊቀመንበር ጓድ ሰብስቤ ድሮ ደንበኛዋ ነበር። አንድ የጥምቀት ማታ ጠረጴዛ ላይ ወጥቶ ሲጨፍር ኮሌታውን ይዛ አስወጥታዋለች። ሁለቱም አልረሱትም።

«ደጄን አዋጁ አልጠቀሰውም» አለችና አንድ ቀን ዶማ አነሳች። ከበሯ እስከ መንገዱ ቦይ ያለውን ድርቅ ያለ መሬት ቆፈረች። ፍጉን በጋሪ ያመጣላት ፈይሳ ነው፤ ሚስቱ የሞተችበት፣ ከሰው ይልቅ ከፈረሱ ጋር የሚያወራ ባለ ጋሪ።

«አካም ጅርታ፣ ሮማን! ይኼ ሁሉ ለማን ነው?»

«ለዓይኔ። የተረፈውን ለወጥ።»

ግድግዳው ሥር ሱፍ ዘራች። ከፊቱ ጽጌረዳ፣ መሐል ለመሐል ቃሪያና በሶብላ፣ ዳር ዳሩን ጎመንና ጤና አዳም ተከለች።

«ጎመንና ጽጌረዳን ደግሞ ምን አገናኛቸው?» ብሎ ፈይሳ ሳቀ።

«እኔና አንተንስ ምን አገናኘን?» አለችው። ፈይሳ ድንገት ልጓሙ የላላ መስሎት ወደ ፈረሱ ዞረ።

ጽጌረዳው በፈነዳ ሰሞን ሰብስቤ የምርት ዘመቻ መመሪያ ይዞ መጣ። ጓሮም ደጅም የሚበላ ብቻ ይተከልበት ይላል።

«ጓዲት ሮማነወርቅ፣ አብዮቱ አበባ አይበላም!»

«ጎመን አለልህ፤ እሱን ይብላ።»

«ጎመኑ ከንዑስ ከበርቴ ተክል ጋር ተደባልቋል!»

«ታዲያ አንቁት፣ አደራጁት። ሥራችሁ አይደል?»

በመስኮት ያዩ የነበሩት የቀበሌው ጸሐፊዎች ሳቃቸው አመለጣቸው። ሰብስቤ ፊቱ ቲማቲም መስሎ ተመለሰ። በማግስቱ ሮማነወርቅ ከገበያ ስትመጣ አብዮት ጠባቂዎች ጽጌረዳዋን ከነሥሩ ነቅለው ቦይ ውስጥ ጥለውት አገኘች።

ቡና ቤቷን ስታስረክብ አላለቀሰችም፤ እንዲያውም «መጸዳጃው ይደፈናል፣ አደራ!» ብላ ቀልዳ ነበር። ያን ቀን ግን ደጃፏ ላይ ቁጭ ብላ እንደ ልጅ አለቀሰች። ፈይሳ የተነቀሉትን ለቃቅሞ፣ በእርጥብ ጆንያ ጠቅልሎ ወደ ራሱ ጊቢ ወሰዳቸው።

ክረምቱ ሲወጣ ሌላ መመሪያ መጣ። የወዳጅ አገር እንግዶች ወደ ሶደሬ ሲሄዱ በሮማነወርቅ ደጅ ባለው መንገድ ያልፋሉ፤ መንገዱ በአበባ ይድመቅ! ሰፈሩ ውስጥ ከጎመንና ጎመን ከሚበሉ ፍየሎች በቀር ምንም የለም። ሰብስቤ ኮፍያውን በእጁ ይዞ ሮማነወርቅ ደጅ ቆመ።

«ያ አበባ... ሊገኝ ይችላል?»

«አብዮቱ አበባ መብላት ጀመረ እንዴ?»

«እባክሽ፣ ጉዳዩ ክፍለ ሀገር ድረስ ነው።»

ፈይሳ ጊቢ ጽጌረዳው እንደጸደቀ ታውቃለች። «ይገኛል» አለችው። «ግን የነቀለ ይተክላል። አንተው ራስህ፣ በጠራራ ፀሐይ፣ ሰው እያየህ።»

ሰብስቤ ኮቱን አውልቆ ተንበረከከ። ሰፈሩ በሙሉ ተሰብስቦ ያያል። ፈይሳ ችግኙን እያቀበለው፣ ሰብስቤ በችኮላ ሥሩን ጨምድዶ ጉድጓድ ውስጥ ሲወትፍ ሮማነወርቅ ጮኸች።

«ቀስ! ሥሩን አትጠምዝዘው፤ የሚናዘዘው የለውም!»

በዚያ ዘመን ከዚህ ባነሰ ቃል የታሰረ አለ። ሰብስቤ ቀና ብሎ አያት። ከዚያ ትከሻው መንቀጥቀጥ ጀመረ፤ ጭቃ በእጁ እንደያዘ፣ እንባው እስኪመጣ ሳቀ። ያኔ ሰፈሩም ሳቀ።

የእንግዶቹ መኪኖች መጋረጃቸውን ዘግተው እንደ ጥይት አለፉ። ያስቀሩት ነገር ቢኖር አቧራ ነው። ሰብስቤ ካጨበጨበ በኋላ ቆሞ ቀረ።

«አዩት ይሆን?»

«መጋረጃውን አድንቀው እንደሆነ እንጃ» አለችው።

ውሃ የቋጠረውን መዳፉን ተመለከተ፤ ከዚያ ማጠጫውን አንስቶ ከጽጌረዳው ላይ አቧራውን ያጥብ ጀመር። በማግስቱም ማለዳ ቃሪያው ሥር ተቀምጦ አረም ሲነቅል አገኘችው።

«ምን ትሠራለህ?»

«ለቁጥጥር ነው» አለ ቀና ሳይል።

ለገና ፈይሳ ጋሪውን እሷ ደጅ ማሳደር ጀመረ። ሰፈሩ አንድ ሁለት ቀን አንሾካሾከና ተወው። ፈረሱ ግን በመጀመሪያው ሳምንት ጎመኑን ጠርጎ በላው፤ ሮማነወርቅ እየተሳደበች እንደገና ዘራችው።