በጁልያን ሰማይ ላይ የተውኳቸው በርሜሎች

በእንግሊዝ አገር በዮርክሺር፣ ከሃሊፋክስ እስከ ሃል፣ ከዚያም ባሕሩን ተሻግሮ እስከ ኖርዌይ ጠረፍ ድረስ ባለው ሰማይ፣ እኔ ራስል ክራብትሪ ያልደረስኩበት ኮከብ የለም። በሥጋዬ አይደለም፤ በሥጋዬማ ሊድስ ደርሼ ስመለስም እግሬ ያብጣል። የደረስኩት በ«ሩቅ ዳርቻ» ነው። «ሩቅ ዳርቻ» የዛሬ አርባ ዓመት በካሴት ይሸጥ የነበረ የኮምፒውተር የጠፈር ጨዋታ ነው። ከፕላኔት ወደ ፕላኔት እየበረርክ ትነግዳለህ፣ ከወንበዴ ትታኮሳለህ፤ በመጨረሻም እንደ ወፍጮ ድንጋይ እየተሽከረከረ የሚጠብቅህ ጣቢያ አለ፤ ወገቡ ላይ ባለች ቀዳዳ መንኮራኩርህን ማስገባት አለብህ። ቀዳዳዋ ከፖስታ ሳጥን አፍ አትበልጥም። ስንቱ ጎረምሳ እዚያ አፍ ላይ ተሰባብሮ እያለቀሰ ወደ እናቱ ሄዷል! እኔ ግን በአንድ እጄ ሳንድዊች ይዤ፣ ስክሪኔ የሆነውን ቴሌቪዥን ሳይሆን ሳንድዊቹን እያየሁ ነበር የምገባው።

ይህን የምለው እኔ ብቻ አይደለሁም። በሰፈራችን የሠራተኞች ክበብ፣ ከመጠጥ መቅጃው በላይ የክብር ሰሌዳ ተሰቅሏል። የስኑከሩ (ኳስ በዱላ እየመቱ ጠረጴዛ ቀዳዳ ውስጥ የሚከቱበት ጨዋታ)፣ የዳርቱ፣ የዶሚኖው ባለድል ስም በወርቅ ቀለም ተጽፎበታል። ታች ጥግ ላይ፣ «ጠፈር» ከሚለው ቃል ሥር አንድ ስም ብቻ አለ። የማን እንደሆነ ለመናገር ትሕትናዬ አይፈቅድልኝም፤ ከላይ ጽፌዋለሁ። በሠራሁባቸው ፋብሪካዎች ሁሉ ስሜ የተጻፈው በፕላስቲክ ላይ ነው፤ ደረቴ ላይ እየተሰካ፣ ስባረር እየተነቀለ። በወርቅ የተጻፈው እዚያች ጥግ ላይ ብቻ ነው።

ጁልያን ዊትኮም የመጣው ባለፈው ኅዳር ነው። ጁልያን ከለንደን መጥቶ ሰፈራችን ቤት የገዛ፣ ከቤቱ ሳይወጣ የሚሠራ (ምን እንደሚሠራ እንኳን እኛ እሱም የሚያውቅ አይመስለኝም)፣ ክበብ ሲመጣ ወንበሩን ተሸክሞ የሚመጣ ሰው ነው። አዎ፣ ወንበር! የእኛ ወንበር ወገቡን ያመዋል። የሚጠጣውም አልኮል የሌለው ቢራ ነው። በክበቡ ታሪክ ለእንዲህ ያለ ሰው በር የተከፈተው በስህተት ካልሆነ በቀር በሌላ ምክንያት አይደለም።

አንድ እሑድ ወንበሩን ብቻ ሳይሆን ኮምፒውተሩንም ይዞ መጣ። የውሻ ቤት የሚያህል የመስታወት ሳጥን ነው፤ ሆዱ ውስጥ ቀይና ሰማያዊ መብራት ይጨፍራል። «የድሮውን ‹ሩቅ ዳርቻ› ለዘመኑ ማሽን እንደ አዲስ ሠርተውታል» አለን። እሺ፣ እንየው አልን። ከፈተው። «እየታደስኩ ነው፣ ጠብቁኝ» የሚል ጽሑፍ መጣ። ሮኬት ሲነሳ ከአሥር ወደ ዜሮ ነው የሚቆጠረው፤ የጁልያን ማሽን ግን ከዜሮ ወደ መቶ ይቆጥራል፤ እሱንም አርባ ሦስት ላይ ሲደርስ ረሳው። ኔቪል አንድ ሙሉ ዙር ዶሚኖ ተጫውቶ ተሸነፈ። ኔቪል ጎረቤቴ ነው፤ ዶሚኖም ሆነ ስኑከር ተሸንፎ የማይጠግብ።

በመጨረሻ ሰማዩ ተከፈተ። ምን ልበላችሁ፣ የሠርግ ኬክ! ፕላኔቱ ደመና አለው፣ ደመናው ጥላ አለው። ኮከቦቹ በቅቤ የታሹ ይመስል ያብረቀርቃሉ። በእኛ ጊዜ ፕላኔት ማለት አንድ ክብ መስመር ነበር፤ የቀረውን ተራራና ባሕር ጭንቅላትህ ይሠራዋል። ደመና የሚያስፈልገው ጭንቅላት ለሌለው ነው።

ይህንኑ ለጁልያን ነገርኩት።

«ራስል፣ አትቀየመኝና» አለ፣ ያንን ውሃውን እየጠጣ፣ «እዚያ ሰሌዳ ላይ ያለው ስምህ የቀርፋፋ ማሽን ስም ነው። ከዚህች ፊት ብትቀመጥ ግን አንድ ደቂቃ አትቆይም።»

«እኔ? በዚህች የገና ዛፍ?»

«በዚህች። አሸናፊው ስሙን ያጽፍ። አርባ ዓመት ማንም ያልሞከረው ክብር ክብር አይደለም፤ አቧራ ነው።»

ሁሉም ወደ እትዬ ዶሪን ዞረ። እትዬ ዶሪን የክበባችን ጸሐፊ ናቸው፤ እኔንም የመጀመሪያዋን ቢራ ስሰርቅ ጆሮዬን ይዘው ያስወጡኝ ሴት። ከእሳቸው ቃል በላይ በዮርክሺር ሕግ የለም።

«የጠፈር ደንብ የለንም» አሉ፣ ብርጭቆ እያደረቁ። «ያለን የስኑከር ደንብ ነው። ባለስሙ ይጀምራል። ለእያንዳንዳችሁ አንድ መንኮራኩር። ሁለተኛው የመጀመሪያው የተወለትን ሰማይ እንዳለ ይረከባል። የተነካ ኳስ ተነክቷል፤ መመለስ የለም። ጣቢያው ውስጥ ማንም ካልገባ ስሙ ባለበት ይቀራል። ጁልያን ገብቶ ራስል ካልገባ ግን ቀለም ቀቢው ተጠርቶ የራስልን ስም ይፍቃል። ተስማምታችኋል?»

«በደስታ!» አለ ጁልያን። «የእኔ ማሽን ደግሞ ምንም ነገር አይረሳም። የድሮው ሰማዩ ሲሞላበት ዕቃ ያጠፋ ነበር፤ እዚህ የጣልከው ለዘላለም ይኖራል።»

«አንተስ፣ ልጄ?» አሉኝ።

«ይጥሩልኝ ቀለም ቀቢውን» አልኩ። «ስሜን ያድስልኝ።»

እዚህ ላይ የሙያ ምስጢሬን ልንገራችሁ፤ ነገሥታት ቢጠይቁኝ የማልነግረውን። የድሮዋ ኮምፒውተሬ፣ ያቺ የላስቲክ ቁልፍ ያላት፣ አንጎሏ የዶሮ ነበር። ሰማዩ ላይ ብዙ ነገር ሲታይባት ታቃስታለች፤ ስታቃስት ሁሉ ነገር ይዘገያል። እና ምን አደርጋለሁ? የጭነት በርሜሎቼን በሙሉ ጣቢያው አፍ ላይ እደፋቸዋለሁ። ማሽኗ እነሱን ለመሳል ስትፍጨረጨር፣ ያ እንደ ወፍጮ የሚሽከረከር ጣቢያ አልጋው ላይ እንደሚገላበጥ ሽማግሌ ቀስ ይላል። እኔም በርሜሎቹን ዞሬ፣ ሳንድዊቼን ጎርሼ፣ ሰተት ብዬ እገባለሁ። ማጭበርበር ነው የሚል ካለ፣ ባሕረኛ ነፋሱን እንደሚያውቅ እኔም ማሽኔን አውቃለሁ። ነፋስን በማወቁ የተከሰሰ ባሕረኛ አልሰማሁም።

በሚቀጥለው እሑድ ከምሳ በኋላ ክበቡ ሞላ። ሁለት መቶ ሰው ነበር። እትዬ ዶሪን ሃያ አይሞላም ይላሉ፤ እሳቸው የቆጠሩት ቢራ የገዛውን ነው። ከጁልያን ማሽን ፊት ተቀመጥኩ፤ በራሴ ወንበር ማለትም በክበቡ። መንኮራኩሬን አስነሳሁ። ሁለት ወንበዴ መንገድ ላይ ገጠሙኝ። አላየኋቸውም ማለት ይቀላል፤ እንደ ዝንብ አባረርኳቸው። ጣቢያው ታየ። ትልቅ፣ የሚያብለጨልጭ፣ መስኮቶቹ ውስጥ ሰው የሚንቀሳቀስበት ከንቱ ጌጥ። ይሽከረከራል።

በርሜሎቼን ደፋሁ።

ሁሉንም። አንዱም አልቀረኝም። በጣቢያው አፍ ላይ እንደ ንብ መንጋ ተበተኑ። ዝገታቸው ሳይቀር ይታያል፤ የዘመኑ ሰው ሥራ ፈትቶ ለበርሜል ዝገት ይቀባል! እንግዲህ ጠበቅኩ።

ማሽኑ አላቃሰተም።

«ምን እየጠበቅክ ነው?» አለ ጁልያን ከኋላዬ።

«እስኪደክመው።»

«ማን?»

«ይሄ ሳጥንህ።»

«ራስል፣» አለና ሳቁን መዋጥ አቃተው፣ «ይሄ ማሽን ሚሊዮን በርሜል ብትደፋበት እንቅልፍ እንኳ አይመጣበትም።»

ጣቢያው እንደ ወፍጮው መሽከርከሩን ቀጠለ። እኔም ወደፊት እየሄድኩ ነበር፤ ጠፈር ላይ ፍሬን የለም። አንዱን በርሜል በግራ አለፍኩ፣ ሌላውን በሥሩ፣ ሦስተኛውን እንዴት እንዳለፍኩት ለልጅ ልጅ የሚነገር ነው። አራተኛው ግን ጠበቀኝ። የገዛ በርሜሌ! መንኮራኩሬ ፈነዳ። ፍንዳታው ራሱ የሚያምር ነበር፤ የዚህ ዘመን ሰዎች የሚችሉት እሱን ብቻ ነው። በርሜሎቹን ገፍትሮ ቀዳዳዋ ዙሪያ አጨቃቸው።

የወደቀ ዛፍ ምሳር ይበዛበታል። ሁለት መቶው ሰው ሳቀ።

«ሳንድዊቹን አልያዝክም» አለኝ ኔቪል፣ ትከሻዬን መታ አድርጎ። «ለዚያ ነው።»

ቀና ብዬ ሰሌዳውን አየሁ። ቀለም ቀቢው ሮይድ መሰላሉን ይዞ በሩ አጠገብ ቆሟል። እትዬ ዶሪን እውነት ጠርተውት ኖሯል።

ጁልያን እጁን እያፋተገ ወንበሩን አስገባና ተቀመጠ። ጣቱን ወደ አንድ ቁልፍ ሲልክ የእትዬ ዶሪን ድምፅ መጣ።

«ምንድነው የምትነካው?»

«አዲስ ሰማይ ልክፈት ብዬ ነው።»

«እጅህን አንሳ። ምን ተባባልን? የተወልህን እንዳለ ትረከባለህ።»

«እትዬ ዶሪን፣ በርሜል ሞልቶታል እኮ! ቀዳዳው አይታይም!»

«ኔቪል ባለፈው ዓመት ጥቁሩን ኳስ ከቢጫው ኋላ የተወብኝ ጊዜ ጠረጴዛው እንደ አዲስ ይደርደርልኝ አልኩ?»

«አላሉም» አለ ኔቪል። «ተሳደቡ እንጂ።»

«ተሳደብኩ፤ ግን ተጫወትኩ። ተጫወት፣ ልጄ።»

ያኔ ነው የገባኝ። ማለቴ፣ ከመጀመሪያውም ገብቶኝ ነበር፤ ያኔ ለፊቴ ነገርኩት። ስኑከር የሚያውቅ ያውቃል፦ ኳሷን ማስገባት ሲያቅትህ ለተከታዩ መንገዱን ዘግተህለት ትቀመጣለህ። ሌላው ሰው ጠረጴዛ ይዘጋል፤ ራስል ክራብትሪ ሰማይ ዘጋ። ጁልያንም በገዛ አፉ «ለዘላለም ይኖራል» ብሏል። ድሮዋ ቀርፋፋዬ ብትሆን ኖሮ ግማሹን በርሜል ረስታ ታጠፋለት ነበር። በቅሎ ገመዷን በጠሰች ቢሉ በራሷ አሳጠረች ነው።

ጁልያን መንኮራኩሩን አስነሳ። አበራረሩ፣ እውነቱን ለመናገር፣ ከእኔ አሥረኛ እጅ አይሞላም፤ ግን ንጹሕ ነበር። ከጣቢያው ፊት ሲደርስ ቆም ማለት ፈለገ። ፍሬን የለም አልኩ እኮ። በርሜሎቹን ተኩሶ እንዳያነሳ፣ ጣቢያው አጠገብ የተኮሰን ዘብ ይጨርሰዋል፤ ይህ ሕግ ከካሴቱ ዘመን ጀምሮ አለ። አንዱን አለፈ። ሁለተኛውን አለፈ። ግንባሩ አላበው። ሦስተኛው ክንፉን ነካው፤ መንኮራኩሩ በእሳት ተበላ።

ሁለት መቶ ሰው ሊጮህ አፉን ከፈተ፤ ጩኸቱ ግን አልወጣም። እሳቱ ወደ ውስጥ ተመለሰ። የተሰባበረው ክንፍ ተሰበሰበ፤ በርሜሉ ወደ ቦታው ሄደ፤ ጁልያንም በደህና፣ ምንም እንዳልሆነ፣ ከበርሜሉ ወዲህ ሆኖ ይበራል።

«ምንድነው ያ?» አሉ እትዬ ዶሪን።

«ወደኋላ መመለሻ ነች» አለ ጁልያን፣ ዓይኑን ከስክሪኑ ሳይነቅል። «ሁሉም ሰው ይጠቀምባታል። ከጨዋታው ጋር ነው የምትመጣው።»

«ሞተህ ነበር?»

«ለትንሽ።»

«ለትንሽ!» አልኩ እኔ። ስድብ ሁሉ አፌ ላይ ተሰልፎ ነበር፤ አንዱም ግን ከራሱ ቃል አይበልጥም። «እትዬ ዶሪን፣ ለትንሽ ሞቶ ነበር አለ!»

ኔቪል ብድግ አለ። «እኔ በሠላሳ ዓመት ስንት ጥቁር ኳስ ስቻለሁ? እሷን ቁልፍ ለእኔም አምጡልኝ! የዓለም ሻምፒዮን ነኝ ማለት ነው!»

«ተቀመጥ፣ ኔቪል» አሉ እትዬ ዶሪን። ከዚያ ወደ ጁልያን ሄደው ጎንበስ አሉ። «የተነካ ኳስ ተነክቷል፣ ልጄ። ውረድ።»

«ግን አሁን እገባለሁ፤ ይዩ፣ መንገዱ…»

«ውረድ አልኩህ።»

እስኪወርድ ድረስ ማንም መንኮራኩሩን አልነዳትም፤ ስለዚህ በርሜል ላይ ሄዳ ዳግመኛ ፈነዳች። በዚህኛው ፍንዳታ ሁለት መቶ ሰው እስከ ሊድስ የሚሰማ ጩኸት ጮኸ። እኔ አልጮህኩም። ትልቅ ሰው አይጮህም፤ ወንበር ላይ ቆሞ እጁን ያነሳል።

«ማንም አልገባም» አሉ እትዬ ዶሪን። «ስሙ ባለበት ይቀራል። ሮይድ፣ መሰላልህን ይዘህ ወደ ቤትህ።»

ጁልያን ማሽኑን አጠፋ። የሚያሳዝን ሰው ነው፤ ላዝንለትም ነበር፣ በኋላ ተውኩት። «በሚቀጥለው ዓመት በድጋሚ» አለኝ።

«በፈለግከው ቀን» አልኩ። «በላስቲክ ቁልፏ ግን።»

በክበባችን ውድድር ሲያልቅ ሰሌዳውን የሚወለውለው ተሸናፊው ነው። እትዬ ዶሪን ሁለት ጨርቅ ይዘው መጡ፤ አንዱን ለጁልያን ሰጡ፤ ሌላውን ወደ እኔ ዘረጉ።

«እኔ?» አልኩ። «ስሙ ባለበት ይቀራል አላሉም?»

«ስሙ ቀረ። አንተ ግን ጣቢያው ውስጥ አልገባህም።»

ከእሳቸው ጋር መከራከር ጣቢያውን በጥርስ እንደመክፈት ነው። ወንበር ላይ ወጣሁ። ጁልያንም ከጎኔ በራሱ ወንበር ላይ ወጣ፤ ባለጎማ ስለሆነ ኔቪል ወንበሩን ይዞለታል። ጁልያን ከላይ ከዳርቱ ጀመረ፤ በስኑከሩ ወረደ፤ ዶሚኖውን ፊደል በፊደል አበራ። እኔ ታች ጥጉ ላይ ነበርኩ።

«ራስል» አሉ እትዬ ዶሪን ከታች። «ልጄ፣ ሰሌዳው ላይ ሌላም ሰው አለ።»

«አውቃለሁ፣ እትዬ ዶሪን» አልኩ። «ይሄኛው ግን አቧራው አልለቅ ብሎኛል።»