የበድሩ አውራ ጣት

ረቢአና በድሩ አይነጋገሩም። ማሳቸው አንድ ድንበር ይጋራል፣ ውሃ የሚቀዱት ከአንድ ቦኖ ነው፣ እሱ የሟች ባሏ ታናሽ ወንድምም ነው። ሆኖም ሁለት ዓመት ከስምንት ወር ሙሉ አንድ ቃል አልተለዋወጡም። መንገድ ላይ ሲገናኙ እሷ ፊቷን ወደ ጨፋ ሜዳ ታዞራለች፣ እሱ ምራቁን ይተፋል። ኩርፊያ እንዳይባል ኩርፊያ አንድ ቀን ይበርዳል። ይሄ ጥላቻ ነበር፤ ረቢአም አልደበቀችውም። ዱዓ ስታደርግ እንኳ ስሙን ጠርታ "ያ ረቢ፣ ከሱ ጠብቀኝ" ትል ነበር።

ነገሩ የጀመረው ባሏ ሙሀመድኑር ሞቶ ዒዳዋን፣ የመበለትነት ወራቷን፣ በጨረሰች ሰሞን ነው። በድሩ ሚስትና አምስት ልጆች እያሉት "የወንድሜን ቤት ልሰብስብ" ብሎ ሦስት ሽማግሌ ላከባት። ልማዱ አለ፣ ብዙዎቹ እሺ ብለው አድረውበታል። ረቢአ ግን ሽማግሌዎቹን ደጅ ላይ እንዳቆመቻቸው፣ ጎረቤት እየሰማ፣ "የባሌን አሮጌ ጫማ እንኳ አልሰጠውም፣ እንኳን ራሴን!" ብላ መለሰቻቸው። በዚህ አገር ሽማግሌ ሳያስቀምጡ መመለስ ላኪውን ገበያ መሃል በጥፊ ከመምታት አይተናነስም። በድሩም ዝም አላለም። "በሬ የሚያውሳት ሰው ከኔ ጋር ተጣላ" ብሎ አስነገረ። በሬ የሌላት ሴት ደግሞ ምን ታደርጋለች? መሬቷን ለእኩል አራሽ ሰጥታ በሰኔ የለፋችበትን በኅዳር ለሁለት ትከፍላለች።

ከዚህ የሚያወጣት አንድ ነገር ብቻ ነበር፣ ማሾው። ከኬሚካል ነጻ የሆነ ማሾ የሚገዛ ነጋዴ መጥቷል ተብሎ ማኅበሩ ገበሬ ሲመዘግብ ከመጀመሪያዎቹ አንዷ እሷ ነበረች። ደንቡ ጥብቅ ነው። ሦስት ክረምት ሙሉ ማዳበሪያም የአረም መድኃኒትም መሬቱን እንዳይነካ፣ የሚረጭ ጎረቤት ካለ ደግሞ በድንበሩ በኩል ስምንት ትልም ባዶ እንዲተው ያዛል። ረቢአ ሦስቱንም ክረምት በእጇ አረመች። ጥፍሯ ተሰነጠቀ፣ ወገቧ ጎበጠ። ዘንድሮ ምስክር ወረቀቱን ካገኘች በማሾው ዋጋ የራሷን በሬ ትገዛለች፤ በሬ ካላት ከእንግዲህ የማንንም ወንድ ደጅ አትጠናም። በሬውን በሐሳቧ ገዝታ ጨርሳለች፣ ቀይ ነው፣ ቀንዱ አጠር ያለ።

ታዲያ በሰኔ አዲስ ወረቀት መጣ። የማኅበሩ ሠራተኛ ጀሚል በሞተር ሳይክል እየዞረ አደለው። ጎረቤትየው መድኃኒት ከመርጨቱ በፊት ሊያስታውቅ፣ በነፋስ ቀንም ላይረጭ ቃል የሚገባበት ነው።

"በድሩን አስፈርሚና እስከ ሐሙስ አምጪልኝ" አላት።

"እኔ? በድሩን?"

"እኔ ምን ላድርግ እትዬ ረቢአ፣ ደንብ ነው" ብሎ ወረቀቱንና የጣት መርገጫ ቀለሟን ትቶላት ሄደ።

ሰው መላክ ትችል ነበር። ከመስጊድ አንዱን ሽማግሌ ብትለምን ወረቀቱን ወስዶ ያስፈርምላት ነበር። ግን በሽማግሌም ቢሆን በድሩን መለመን ልመና ነው፣ ልመና ደግሞ ከረቢአ አይጠበቅም። ሐሙስ ጠዋት ጓሮ ገብታ የግራ አውራ ጣቷን ቀለም ነክራ በበድሩ ስም ላይ ተጫነችው። ደስ አላት፣ ወላሂ ደስ አላት። በድሩ ድሮ የቀበሌ ጸሐፊ ነበር፤ ስሙን በአማርኛም በዐረብኛም አሳምሮ ይጽፋል፣ በዚህም ይኩራራል። እሷ በአንድ ጣት ማይም አደረገችው። ጀሚል ወረቀቱን ሲቀበል አሻራውን አየ፣ እሷን አየ፣ ከዚያ አጥፎ ቦርሳው ውስጥ ከተተው። ስልሳ ገበሬ ይጠብቀው ነበር።

በመስከረም መጨረሻ፣ የማሾው ቆባ መጥቆር ሲጀምር፣ ምስክር ወረቀቱን የምትወስነው ተቆጣጣሪ ከአዲስ አበባ መጣች። ኢክላስ ትባላለች፤ ሻርፗን ጠበቅ አድርጋ አስራ ቦት ጫማ የተጫማች፣ ሳቅ የማታበዛ ልጅ ናት። አፈሩን ቆፍራ አየች፣ ቅጠል ገለበጠች፣ ጆንያዎቹ የማዳበሪያ እንዳልነበሩ አሽትታ አረጋገጠች። በድንበሩ በኩል ባዶ የቀረውን ትልም በእርምጃ ለካች።

"እትዬ፣ በዚህ ሳምንት እንደ እርስዎ ማሳ ንጹህ አላየሁም" አለች። የረቢአ ልብ በደስታ ዘለለ። "አሁን ጎረቤትዎን አንድ ጥያቄ ብቻ ልጠይቅ።"

ረቢአ ጀሚልን አየችው። ጀሚል ጫማውን አየ።

በድሩ ሩቅ አልነበረም። ማሽላው መሃል ከቆመው ማማ ላይ ወንጭፍ ይዞ ወፍ እየጠበቀ፣ ከጠዋት ጀምሮ የሚሆነውን ሁሉ ሲያይ ነበር። ሲጠሩት ቀስ ብሎ ወርዶ መጣ። ኢክላስ ወረቀቱን ዘረጋችለት።

"ጋሼ፣ ይህን ቃል የገቡት እርስዎ ነዎት? አሻራው የእርስዎ ነው?"

በድሩ ወረቀቱን አነበበ። ከላይ እስከ ታች፣ አንዲት መስመር ሳይዘል አነበበና አሻራው ላይ ሲደርስ ቆመ። ከዚያ ቀና ብሎ ረቢአን አያት። እሷም ከሁለት ዓመት ከስምንት ወር በኋላ ፊቷን አላዞረችም፤ ማዞር አቃታት። ፈርታ ነበር። አንዲት ቃል ቢተነፍስ ሦስቱ ክረምት አፈር ይበላሉ።

በድሩ ፈገግ አለ።

"ኤዬ" አለ። "የኔ ነው።"

"መጻፍ አይችሉም?"

የቀድሞው የቀበሌ ጸሐፊ ምራቁን ዋጠ። "አልችልም፣ ልጄ። ማን አስተማረን?"

ጀሚል በረጅሙ ተነፈሰ። ኢክላስ ምልክት አደረገችና የሚዛኑን ቦታ ለማየት ከጀሚል ጋር ወደ ጎተራው አለፈች። ረቢአ ባለችበት ቀረች። በድሩ ይህን ሁሉ የዋጠው ለምን እንደሆነ አልገባትም ነበር። ብዙም አላስጠበቃትም።

"ረቢአ" አለ ቀስ ብሎ። ስሟ በሱ አፍ ሲጠራ ሰውነቷን ሰቀጠጣት። "የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል ሲባል አልሰማሽም? ዛሬ ማታ ሽማግሌ እልካለሁ፣ እነዚያኑ ሦስቱን። ዛሬ ምንጣፍ አንጥፈሽ ታስቀምጫቸዋለሽ። እሺ ትያቸዋለሽ።"

"ካላልኩስ?"

"ልጅቱ ከሚሴ ከተማ ነው የምታድረው። ነገ ማልጄ እሄድና ስሜን በአማርኛም በዐረብኛም ጽፌ አሳያታለሁ። ምስክር ወረቀቱን ከፈለግሽ ከኔ ጋር ነው የምትበይው።"

ረቢአ ማሾዋን አየች። ቆባው ጠቁሮ ተንዠርግጓል፣ አንድም አረም የለበትም። ማሳው እንዲህ ንጹህ ሆኖ ወረቀቱን ያቆሸሸችው ራሷ መሆኗ አንገበገባት። ዝም ብትልስ? ወረቀቱ ይመጣል፣ በሬው ይገዛል፤ ግን ያ በሬ በበድሩ በረት ይታሰራል። ዘንድሮ ብቻም አይደለም። በየክረምቱ ያን አሻራ እያነሳ ይነዳታል። ይህን ሰው ከምታመሰግነው መሬት ቢውጣት ይሻላታል።

"ልጄ! ኢክላስ!" ብላ ጮኸች። ማማው ላይ የሰፈሩት ወፎች ተነሱ። "ነይ ተመለሺ! ጣቱ የሱ አይደለም። የኔ ነው!"

"እትዬ ረቢአ፣ አበድሽ?" አለ ጀሚል እየሮጠ።

"አላበድኩም። እኔ ነኝ የረገጥኩት፣ ይኸው!" የግራ አውራ ጣቷን አነሳች። "ይሄ ሰውዬ ደግሞ መጻፍ ያውቃል። ቀበሌውን አሥር ዓመት ጽፎለታል። አልችልም ያለሽ ሊያገባኝ ነው።"

ኢክላስ ሁለቱንም አየቻቸው፣ አንዴ እሷን አንዴ እሱን። ከዚያ ቀለም አውጥታ የረቢአን ጣት ሌላ ወረቀት ላይ አስረገጠቻትና ሁለቱን ጎን ለጎን ያዘች። አንድ ነበሩ።

"ጋሼ፣ እርስዎስ ለምን ዋሹኝ?"

በድሩ ፊቱ ጠቆረ። "ላኪ፣ አይደለም! እኔ ለዘመድ ብዬ ነው!" አለ፣ ግን ድምፁ ተሰብሮ ነበር። አብዶ የሚባለው እኩል አራሿ ከአጥሩ ማዶ ቆሞ ሰምቶ ስለነበር ከት ብሎ ሳቀ። እስከ ቀትሩ የዙህር ሶላት ድረስ በመንደሩ ያልሰማ እንደማይኖር በድሩ ያውቃል። ወንጭፉን ማማው ላይ እንደተወው ወደ ቤቱ ሄደ።

"ማሳዎ ንጹህ ነው፣ አይቻለሁ" አለች ኢክላስ። እሷም ከፍቷት ነበር። "ግን በሐሰት ሰነድ የቀረበን ማሳ ደንቡ አይቀበልም። ከአንድ ብለው ይጀምራሉ። ሌላ ሦስት ክረምት።"

"ጻፊው" አለች ረቢአ።

በኅዳር፣ ከእኩል አራሿ ጋር ከተካፈለች በኋላ፣ ማሾዋን በአህያ ጭና ጨፋ ሮቢት ረቡዕ ገበያ ወረደች። የገበያው ነጋዴ አላሽተተውም፣ አልጠየቃትም። ጆንያዋን ፈትቶ መድኃኒት ሲጠጣ ከከረመው የሌሎች ማሾ ክምር ላይ ገለበጠው። ረቢአ የሷን ፍሬ በዓይኗ ልትለይ ሞከረች፣ አልቻለችም። እዚያው ገበያ መሃል፣ ሰው እያያት፣ ለባሏ ሞት እንኳ ያላለቀሰችውን ለቅሶ አለቀሰች። ነጋዴው ዋጋው ያነሰባት መስሎት ጥቂት ጨመረላት።

ቤቷ ስትደርስ ደጇ ላይ የቆመ ሽማግሌ አልነበረም።